ቀዩ ፕላስተር

ኢንጂነር ዳምጤ የሞተው መሣሪያውን እንደጨበጠ ነበር። ቀኝ አውራ ጣቱ የእጀታው መዘውር ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ግራ መዳፉ የብረት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሊሞክርበት ያዘጋጀው የበሬ ጉበት ከፊቱ ሳህን ላይ እንዳለ ነው፤ አንዲት የቃጠሎ ምልክት እንኳ የለበትም።

ኢንስፔክተር ሰርካዲስ በዚያ የግንቦት ሰኞ ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነሥታ፣ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ፣ የከተማው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ዳምጤን ወርክሾፑ ውስጥ የገደለው ኤሌክትሪክ ነው፤ መብራቱን የዘረጋው ደግሞ ቡዜ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ ስለዚህ ታስሯል፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሰርካዲስ ግን ቶሎ ያለቀ ነገር አይጥማትም። ባሏ፣ ወጥ እንኳ ቶሎ ከደረሰ ትጠረጥራለች እያለ ያማታል።

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ሳፊያ ናት። የቡዜ ሚስትም እሷው ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ወላሂ እትዬ፣ ባሌ ዶሮ ሲያርድ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል!»

«ታዲያ በምን ተጣሉ?»

«ኢንጂነር ሥራ ላይ ሲሆኑ ሰው ላይ ይጮሃሉ። ማታውን ደግሞ ይቅርታ ይላሉ። ቡዜንም ይቅር በለኝ ብለውት ነበር። የሌላ ሰው ጥፋት እንኳ ቢሆን ‹የኔ ነው› ማለት ይቀናቸዋል።»

ሰርካዲስ መሳቢያውን ሳበችው። ውስጡ አንገታቸው ላይ ቀይ ፕላስተር የተጠቀለለባቸው መሣሪያዎች ተደርድረዋል። «እነዚህስ?»

«የተበላሹ ናቸው። ቀይ ያለበትን ማንም አይነካም። እኔ አቧራ እንኳ አላራግፍላቸውም።»

በወርክሾፑ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሆድ ሳይቀደድ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባ፣ ጫፉን እንደ ጣት አጥፎ ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ መተኮሻ። ሐኪሞቹ ካውተሪ ይሉታል። በሰው ላይ የሚሠራበት ደግሞ ደሴ የግል ክሊኒክ ያለው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ቃለሕይወት ነው። ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ መጣ።

«የገደለው ካውተሪው ነው?» አለችው።

«አይችልም፣ ኢንስፔክተር። የካውተሪ ማሽን ኤሌክትሪክ ሥጋ ያቃጥላል እንጂ ልብ አያቆምም። ልብ የሚያቆመው የግድግዳው መብራት ነው።»

«እስቲ ከእነዚህ አንዱን ከፍተው ይግጠሙልኝ።»

ዶክተሩ የእጀታውን ብሎኖች ሲፈታ፣ ጫፉን የሚያጥፉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ላሉ። መልሶ ቢገጥመው ጫፉ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ቀረ። «ይሄ የኔ ሙያ አይደለም» አለ ላቡን እየጠረገ። ሰርካዲስ ሟቹ ጨብጦት የነበረውን አንሥታ መዘውሩን አዞረችው። ጫፉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እኩል ታጠፈ።

የመጨረሻዋ አትጠገብ ነበረች። መታጠፊያውን ከዳምጤ ጋር የነደፈችው ወጣት መሐንዲስ ናት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። እህቷ የኔነሽ ጥር ላይ በዶክተሩ ክሊኒክ የሐሞት ከረጢቷን አስወጥታ ነበር። የመሣሪያው ሽፋን መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ካሜራው በማያየው በኩል አንጀቷን ተኮሰው። ማንም ሳያውቅላት ቤቷ ገብታ፣ በስቃይ ሞተች።

«እንዴት አብረሽው መሥራት ቻልሽ?»

«ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ።»

«ዳምጤን ይቅር ብለሽው ነበር?»

«ልቅሶ ቤት መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል?» ጣቷን በጥቁር ነጠላዋ ሥር አስገብታ ጆሮ ግንዷን አከከች። ሰርካዲስ ዓይኗን አልነቀለችም። እሷም ልጅ ሆና እንደዚያ ታክ ነበር።

«ትናንት እሑድ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ሳፊያ ስትጮህ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቡዜንም ከእስር ቤት አስመጣችው፤ ሳፊያ ከጎኑ ሄዳ ቆመች።

«ጉበቱ አልተቃጠለም» ብላ ጀመረች ሰርካዲስ። «ዳምጤ ሥራውን ሳይጀምር፣ መዘውሩን ገና እንደነካ ሞቷል ማለት ነው። የመሣሪያው ገመድ ከማሽኑ ጀርባ ከግድግዳው መብራት ጋር ተቀጥሏል፤ የመዘውሩ ሽፋን ደግሞ ከውስጥ ተልጧል። ይህን ያደረገ ሰው፣ ዳምጤ መዘውሩ እንዲሰማው ብሎ ያለ ጓንት እንደሚሠራ፣ እሑድ ከሰዓትም ብቻውን እንደሚሆን ያውቃል።»

«ሁላችንም እናውቃለን» አለ ዶክተሩ።

«እሺ። ሽፋኑን ለመላጥ እጀታው መከፈት አለበት። ሲከፈት ሽቦዎቹ ይላላሉ። ሟቹ የያዘው ግን እኩል ይታጠፋል። የገጠመው ሰው ሽቦ መወጠር ያውቃል። ቡዜ የሚያውቀው የግድግዳ ሽቦ ነው። እርስዎንም አይቼዎታለሁ፣ ዶክተር። የምትችል አንዲት ሰው ናት።»

አትጠገብ ሳቀች። «ችሎታ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ነጠላሽን አውርጂው፣ ልጄ።»

አትጠገብ አልተነቃነቀችም። ሳፊያ ጠጋ ብላ በቀስታ አወረደችላት። ሥሩ ድርድር ያለ፣ ገና ቅቤው ያልደረቀ ሹሩባ ነበር፤ ግንባሯን ወጥሮ ይዞታል።

«ሐዘንተኛ ሹሩባ አይሠራም» አለች ሰርካዲስ። «አንቺ ደግሞ ከሐዘን ላለመውጣት የማልሽው የእህትሽ ደም እስኪመለስ ነበር። ይህ ሹሩባ የትናንት ነው። የዳምጤን ሞት ሰው ሳይሰማ፣ አንቺ ሐዘን አውጥተሻል።»

አትጠገብ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የጠገበ ሰው ፊት ነበር። «ትናንት በመስኮት አየሁት። ከዚያ ቀጥታ ጠጉሬን ልሠራ ሄድኩ። የኔነሽ ሆዷን ይዛ ስትጮህ ያደረችውን እኔ ነኝ የማውቀው። የሠራውን ራሱ ቀመሰው። ደሟን መልሻለሁ፤ አልጸጸትም!»

ሰርካዲስ ከዳምጤ ካዝና ያገኘችውን ሳጥን ከፈተች። «እህትሽን የተኮሳት ይህ ነው። አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ልነካው አልቻልኩም።»

«አሁን ንኪው። አንገቱን።»

አትጠገብ ዳሰሰችው። ጣቷ ተጣበቀ። ሲላቀቅ አንዲት የቀይ ፕላስተር ክር አብራ መጣች።

«ዳምጤ ስንጥቁን አይቶ ቀይ አድርጎበት ነበር» አለች ሰርካዲስ። «ቀይ ያደረገ ሰው መልሶ አይልጠውም። ማነው ታዲያ ልጦ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይዞት የገባው?» ፊቷን ወደ ዶክተሩ አዞረች።

ዶክተር ቃለሕይወት መቀመጫ ፈልጎ አጣ። «ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ነበር… ሊያዩ። አዲሱ መሣሪያ አልደረሰም። አንድ ቀን ቢሠራ ምን ይሆናል ብዬ… ዳምጤ የሰማው በኋላ ነው።»

«ሰምቶስ ምን አለ?»

«መሳቢያውን መቆለፍ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አለ።»

አትጠገብ ዶክተሩን አየችው። ከዚያ ዳምጤ ወድቆበት የነበረውን ባዶ ጠረጴዛ አየችው።

«ዶክተር፣ እርስዎም አይሄዱም። የኔነሽ የራሷ መዝገብ ይከፈትላታል» አለች ሰርካዲስ። የቡዜ ካቴና ተፈትቶ ለአትጠገብ ሆነ። ሳፊያ የባሏን ክንድ ይዛ ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ ለአትጠገብ አለቀሰች።

ፖሊሱ «እንሂድ» አላት። አትጠገብ አልሰማችውም። የታሰሩ እጆቿን ወደ ራሷ አንሥታ፣ ሹሩባዋን ከጆሮ ግንዷ ጀምራ አንድ በአንድ መፍታት ያዘች። ቅቤው ጣቷን እያዳለጣት ነበር። ፖሊሱ ክንዷን ሊይዝ ሲል፣

«ተዋት» አለችው ሰርካዲስ። «ትጨርስ።»