ዘይት የጠጣው ዋሽንት

ወንድሙን የገደለ ሰው ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ፖሊስ ለምን ይጠብቃል? መርማሪ ነቬና ይህን ራሷን ጠይቃለች። ያም ሆኖ የሟቹን ወንድም ዶብሪን አስራዋለች። ከቪየና ተምራ ወደ ትውልድ መንደሯ፣ ወደ ሮዶፔ ተራሮች ከተመለሰች ወዲህ የገዛ ፍርዷን አታምንም፤ ሰሞኑን ደግሞ እንቅልፍም አጥታለች።

ሟቹ ስታመን የአሮጌ ዋሽንቶችን ዕድሜ እየለየ የሚጠግን ሰው ነበር። ከትናንት በስቲያ በገዛ መዶሻው ተመትቶ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ተገኘ። ክፍሉ በምድጃው ስለጋለ ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ሊለይ አልቻለም።

ነቬና ሦስት ሰዎችን እዚያው ሰበሰበች።

«ለምን አልሸሸህም?» አለችው ዶብሪን።

«ብቻውን ትቼው ወዴት ልሂድ? እባክሽ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። አፈር ላልብሰው፤ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

«ውጭ አገር ተምረሽ ያመጣሽልን ካቴና ብቻ ነው?» አሉ የሟቹ ጎረቤት እማማ ዮርዳንካ።

ነቬና ወደ መንደሩ ሙዚየም ኃላፊ ዞረች። አስፓሩህ የልጅነት አስተማሪዋ ናቸው፤ ዶብሪን ያሰረችውም በእሳቸው ቃል ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ስንቴ ልንገርሽ ልጄ? ጀንበር ስትጠልቅ ወደ መዘምራን ልምምድ ስሄድ ስታመን እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ዋሽንት ይነፋል። ከዚያ ዶብሪ ሲገባ አየሁ።»

«የትኛውን ነበር የሚነፋው?»

«ለጥገና የሰጠሁትን የሙዚየማችንን ዋሽንት ነዋ! ያን ጎርናና ድምፅ ከሺህ እለየዋለሁ። የሁለት መቶ ዓመት እንጨት ነው።»

ነቬና ጥግ የቆመውን የሙዚየሙን ዋሽንት አነሳች። ጫፎቹ በቡሽ ተወትፈዋል፤ ቀዳዳዎቹ በሰም ተደፍነዋል።

«እማማ፣ ይህ መቼ ነው የተደፈነው?»

«ስታመን የሞተ ዕለት ጠዋት። የተልባ ዘይቱን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ሳምንት ዘይት ይጠጣል፣ ማንም እንዳይነካው ብሎኛል።»

ቡሹን ነቀለች። ዘይቱ ሳህን ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ዘይት የሞላው ዋሽንት አይነፋም፣ ጋሼ። በልማዱ ተማምነው ዋሹ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ እርስዎ ከመዘምራኑ ጋር ስለነበሩ፣ ስታመን እስከዚያ ድረስ በሕይወት እንደነበረ እንድናምን ፈለጉ። የሞተው ግን ከዚያ በፊት ነው።»

«ለምን እገድለዋለሁ?»

የእጅ ባትሪዋን ወደ ዋሽንቱ ውስጥ አበራች። እንደ ብሎን ጥርስ የዞረ የማሽን ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል።

«በእጅ የተቦረቦረ እንዲህ አይሆንም። የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ስታመን ሐሰተኛ መሆኑን ለይቶ ነገረዎት።»

አስፓሩህ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ዕድሜ ልኬን ለልጆች ያሳየሁት እሱን ነው፤ ለአንቺም ጭምር። ሳቀብኝ።»

ዶብሪ የሚሉትን አላዳመጠም። የቀብሩ ደወል እየተደወለ ነበር። ካቴናውን ስትፈታለት ደረጃውን በሩጫ ወረደ። መቃብሩ ጋ ሲደርስ አፈሩን በአካፋ ጀርባ እየደለደሉ ነበር።

በሳምንቱ ነቬና በስልኳ ጻፈችለት፦ «ዶብሪ፣ ለወንድምህ አርባ መምጣት እፈልጋለሁ። ትፈቅድልኛለህ?»

መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። አርባው አለፈ፤ ዶብሪ አልመለሰም።