የተዘጋው ጥያቄ

ኤሌክትሪሺያኑ ሱቁ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። አንገቱ ሁለት ቦታ ተወግቷል። ደሙ ከጠረጴዛው እየተንጠባጠበ የሽቦ ጥቅልሎቹን አርሷል።

እህቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ወንድሟ ኤሌክትሪሺያኖች የሚጠያየቁበትን የኢንተርኔት መድረክ ይቆጣጠር እንደነበር ለመርማሪዋ ነገረቻት። ተሳዳቢ ያባርራል፤ ከሙያው ወሰን የወጣ ጥያቄ ይዘጋል። አንዴ ከዘጋ ወዲያ ቢለምኑት አይከፍትም።

አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ስለ ፍሪጁ የጠየቀው ቢዘጋበት፣ "አንገትህን እቀነጥስልሃለሁ" ብሎ ጽፎለታል። መርማሪዋ ከቢላዎቹ መሃል አገኘችው።

"አንተ ነህ የገደልከው?"

"እኔ ጀግና የምሆነው ስልክ ላይ ነው፣ እመቤቴ። ሚስቴ ስትቆጣኝ እንኳ እዚህ መጥቼ ነው የምደበቀው።"

ጠዋቱን ሙሉ ሥጋ ሲቆርጥ መዋሉን ደንበኞቹ መሰከሩለት።

መርማሪዋ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። የዘጋውን የማይከፍተው ሰው፣ በሞተበት ጠዋት አንድ የከረመ ጥያቄ ከፍቷል።

"ይቅርታ፣ ጌቶቼ። ሚስቴ የሻወሩን ቧንቧ ስትነካ ይነዝራታል። ምን ላድርግ?"

ከሥሩ የሟቹ የድሮ መልስ አለ፦ "ከወሰን ውጭ። እዚህ ባለሙያ ነው የሚጠይቀው። ለቤትህ ጣጣ ጎረቤትህን አስቸግር።"

ጠያቂው "ስላስቸገርኩ ይቅርታ" ብሎ ወጥቷል።

አዲሱ መልስ በዚያ ጠዋት የተጻፈ ነው፦ "ማሞቂያውን አጥፉ። ቧንቧውን ማንም እንዳይነካ።"

አንገቱ ላይ ስለት ተደቅኖ እንደጻፈው ገባት።

የመድረኩ ባለቤት የጠያቂውን ስልክ ሰጣት። ጠያቂው ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱ ስትደርስ የሻወሩ በር በጣውላ ተቸንክሯል። ትልቁ መቀስ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፎ ውሃውን አቅልቶታል። ልብስ ሰፊው ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

"ሚስትህስ?" አለችው።

"ጥያቄዬ በተዘጋ ማግስት ኤሌክትሪኩ ያዛት። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ እጇ ከቧንቧው አልላቀቅ ብሏል።"

"እሱ እኮ መልሱን ጽፎልሃል። ከዚያ በኋላ ለምን ገደልከው?"

ልብስ ሰፊው ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

"ላስጽፈው ብቻ ነበር የሄድኩት። ጽፎ ሲጨርስ አየሁት። አንድ መስመር ነው፣ እህቴ። ያችን አንድ መስመር ነው የከለከላት።"