ከበረዶው በኋላ የፈረመው ሰው

ሀብታሙ በሆዱ ተደፍቶ ተኝቷል። በላዩ ሃያ ሜትር የሚሆን ገደል አለ፤ ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የሰቀለው «ጤናማ ሠራተኛ፣ ጤናማ አገልግሎት» የሚል ባነር አንድ ጫፉ ተፈትቶ ይርገበገባል።

ምክትል ኢንስፔክተር ጥሩዬ በከተማ ጫማዋ የዳሞታን ተራራ እያለከለከች ወጥታ እዚያ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አራት ሰዓት ላይ የጣለው በረዶ ፀሐይ ባገኘው በኩል ቀልጦ የግጦሽ ሜዳውን ጭቃ አድርጎታል፤ በገደሉ ጥላ ሥር ግን አሁንም ነጭ ሆኖ እንደተቆለለ ነው።

ከሬሳው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የግጦሹ ጠባቂ ኤርሳዶ እጁ በካቴና ታስሮ ቁጢጥ ብሏል። ዛሬ ለጤና የእግር ጉዞ ለወጡት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መንገድ መሪ የነበረው እሱ ነው። ሬሳውን ብቻውን ያገኘውም እሱ ነው።

«አለቀ ደቀቀ፣ እህቴ» አሉ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኤርካሎ። «ጠዋት ከሀብታሙ ጋር ሲጨቃጨቅ ሁላችንም ሰምተናል። ይዛችሁት ውረዱ። እኛም ሐዘን አለብን።»

«ጭቅጭቁ በምን ነበር?»

«በሜዳው ነዋ። እዚህ ሎጅ ሊሠራ ነው። ነዋሪው ሁሉ ‹እለቃለሁ› ብሎ ፈርሟል። ይኼ ሰውዬ ብቻ አሻፈረኝ አለ።»

ኤርሳዶ ቀና አለ። «አባቴ ፈረመ አሉ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነ! ሙት ይፈርማል ወይ ብዬ ሀብታሙን ጠየቅኩ። ‹ዝርዝሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ላይ ስንወጣ አለቃዬን አፋጥጣለሁ› አለኝ። ይኼ ጭቅጭቅ ነው?» ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔን ካሰራችሁ ሌላው ሰው ይፈራል። ሰኞ ሜዳውን ያጥሩታል።»

ጥሩዬ ወደ አቶ ኤርካሎ ዞረች።

«ሟቹን በሕይወት እያለ በመጨረሻ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ስንወጣ ሁለታችን ቀድመን ነበር፤ ከዚያ እሱ ወደኋላ ቀረ። አምስት ሰዓት ላይ፣ በረዶው ካባራ በኋላ፣ አናቱ ላይ መጣ። ዓይኔ እያየ አቴንዳንሱ ላይ ፈረመ፤ ያውም በእኔ እስክሪብቶ። ከዚያ እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ወዲያ ማዶ ሄድኩ።»

ተራራ ለመውጣት አቴንዳንስ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ካለ፣ መሥሪያ ቤት ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ያልተፈረመበት የእግር ጉዞ ሪፖርት ላይ አልተሄደም።

ጸሐፊዋ ዓመለወርቅ አንድ ጫማዋን በገመድ ጠፍራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። «ሦስት ሰዓት ላይ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። አቴንዳንሱን ለፀጋአብ ሰጠሁና ኤርሳዶ ደግፎ ወደታች መለሰኝ።»

«አዎ፣ ደግፌ ወሰድኩት» አለ ኤርሳዶ።

«ወንድ አደረገኝ እኮ! በሚካኤል፣ በዚህ ሐዘን መሃል ታስቀኛለህ!» ዓይኗን ጠረገች። «በረዶው ታች ሰው ቤት ነው ያገኘን። ባለቤቶቹ አሉ፣ ጠይቂያቸው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰን አናቱ ላይ ስንደርስ፣ ጋሽ ኤርካሎ ‹ሀብታሙ የለም፣ ፈልገው› ብለው ኤርሳዶን ላኩት።»

የቀረው ፀጋአብ ነው፤ ከሟቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ የሚጋራ፣ ለሪፖርቱ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ፎቶ ሳነሳ ወደኋላ ቀርቼ በረዶው መንገድ ላይ ያዘኝ። አናቱ ላይ ስደርስ አምስት ሰዓት ነው።»

«ሀብታሙን እዚያ አየኸው?»

«አቴንዳንሱ ላይ… ስሙ ላይ ተፈርሟል አይደል?»

የጠየቀችው ሌላ፣ የመለሰላት ሌላ። ጥሩዬ ስልኩን ተቀብላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ አቴንዳንሱን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። በመጨረሻ ወደ ሬሳው ተመልሳ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቀስ ብላ ገለበጠችው። የጃኬቱ ጀርባ ረስርሷል፤ ደረቱ ግን ደረቅ ነው። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የአርባ ነዋሪዎች ስምና ፊርማ ነበረበት፤ አሥራ አንዱ ተከቦ በሀብታሙ እጅ ጽሑፍ «ሟች» ተብሏል። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ «ያረጋገጠው፦ ኤርካሎ» ይላል።

«ሁላችሁም ወዲህ ኑ» አለች። «አቶ ኤርካሎ፣ እሱ የተኛበትን ሣር ይንኩልኝ።»

አቶ ኤርካሎ በጣታቸው ጫፍ ነኩ። «ደረቅ ነው። እና?»

«ዙሪያው ሁሉ በረዶ ነው። ከሥሩ ግን አንዲት ፍሬ የለችም። ሀብታሙ የወደቀው በረዶው ሳይጥል፣ ከአራት ሰዓት በፊት ነው። ያን ጊዜ ኤርሳዶ ታች ነበር።»

«አምስት ሰዓት ላይ የፈረመውስ?» አሉ አቶ ኤርካሎ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ፀጋአብ፣ ወንድሜ፣ ሀብታሙ ሲያረፍድ ማን ነው የሚፈርምለት?»

ፀጋአብ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እኔ ነኝ። እኔ ሳረፍድ እሱ ይፈርምልኛል። ወደኋላ የቀረ መስሎኝ… ስሙ ፊት ለፊት ባዶ ሆኖ ሳየው እጄ ዝም ብሎ ፈረመ። ከዚያ እንዲያረጋግጡ ለጋሽ ኤርካሎ ሰጠኋቸው።»

«ይኸው!» አቶ ኤርካሎ ብድግ አሉ። «ገዳዩ እሱ ነው! ብቻውን ነበር!»

«ፀጋአብ ከሦስት ተኩል ጀምሮ በረዶው እስኪጥል ታች ሜዳ ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ሰዓታቸው አለ። አንዱ ላይ እርስዎና ሀብታሙ ከሩቅ ትታያላችሁ፤ አናቱ ላይ፣ ጎን ለጎን።» ጥሩዬ አቴንዳንሱን አነሳች። «የሀብታሙ ፊርማ እንደ ፀጋአብ ፊርማ ሰማያዊ ነው። እርስዎ ያረጋገጡበት እስክሪብቶ ግን ጥቁር ነው። ስለዚህ ሲፈርም አላዩትም። የሞተው ከበረዶው በኋላ ነው ማለት የሚጠቅመው፣ ከበረዶው በፊት አብሮት ለነበረ ሰው ነው።»

ባነሩ ከላይ ይርገበገባል።

«አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አቴንዳንሱ ሥር ‹አረጋግጫለሁ› ብለው የፈረሙት ፊርማ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው?»

አቶ ኤርካሎ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። አዲሱን የተራራ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩና «ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት» አሉ። «እምቢ አለ። ተጓተትን… ገፋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አቴንዳንሱ ሲመጣልኝ ስሙ ላይ ተፈርሟል። ፊርማው ቁርጥ የራሱ! ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞርኩ።»

«አሥራ አንድ ሙት ሲያስፈርሙ ግን አልዞሩም» አለች ጥሩዬ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ኤርሳዶ የእጁን አንጓ እያሸ ዝርዝሩ ላይ አጎነበሰ። ከአባቱ ስም ፊት ለፊት ያማረ፣ ጅራቱ የተጠማዘዘ ፊርማ አለ።

«አባቴ ጽሕፈት አያውቅም» አለ። «በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው።»

ጥሩዬ የምስክርነት ቃሉን ጉልበቷ ላይ ጽፋ ጨረሰችና እስክሪብቶውን አዞረች። ዓመለወርቅ ፈረመች። ኤርሳዶ ፈረመ። ፀጋአብ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ለአፍታ ያዝ አደረገችው።

«የራስህን ብቻ፣ ወንድሜ።»

ፀጋአብ ፈረመ። እጁ ግን ለሀብታሙም እንደሚፈርም ሁሉ ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ ትንሽ ቆየ።