የዘርማ ሐይቅ ቀማሽ

በአዝሜራን መንግሥት ሦስት ክረምት ያለ ዝናብ ባለፈበት ዘመን፣ የዘርማ ሐይቅ ሸሽቶ ዳርቻው እንደ አመድ ነጣ። ዓሦቹም ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። ሕዝቡ «ሐይቁ ተቀይሞናል» ብሎ፣ በአባቶቹ ሥርዓት የካሳ አሞሌ ጨው እየተሸከመ ወረወረለት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ሊማና ውሃው ለመጠጥ መብቃቱን በምላሷ ለይታ ለሕዝቡ የምትናገር የሐይቁ ቀማሽ ነበረች፤ ማዕረጉን ከአባቷ ከአዛውንቱ ቶርሳ ወርሳለች። አንድ ማለዳ ውሃው ምላሷን እንደ እንዶድ አረፋ ላጣት።

«አባባ፣ ሐይቁ ተቆጥቶ ነው?»

«አይ ልጄ። ፀሐይ ውሃውን ትጠጣለች፤ ጨውን ግን ትታው ትሄዳለች። እኛ ጅሎቹ ደግሞ ጨመርንበት። በጉሙር ተራራ አናት ከጥንት ጀምሮ ታፍኖ ከኖረው ምንጭ አዲስ ውሃ ካልገባለት፣ ወሩ ሳያልቅ የሚጠጣ ነገር አይኖረንም።»

ሊማና ተንበርክካ ማለች፦ «ምንጩን ሳላስለቅቅ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ።»

ጀልባው ጭቃ ላይ የቀረበት ቀዛፊ ደሌብ አብሯት ተነሣ። «መቅዘፍ ቢቀርብኝ መራመድ አያቅተኝም» ሲላት ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

አሥራ ሁለት ቀን ከወጡ በኋላ፣ በጉሙር ተራራ አናት ምንጩን በደረቱ ደፍኖ የተኛ የድንጋይ ዘንዶ አገኙ። ደሌብ ጦሩን ሰነዘረ፤ ጦሩ ተሰበረ። ሊማና ግን በዘንዶው ዓይን ውስጥ ብቸኝነትን አይታ አዘነችለት።

«ጌታዬ፣ ውሃውን ስለ ምን ያዙት?»

«ሺህ ዘመን ተኝቼበት ጣዕሙን አላውቅም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልልቀቀው? የምላስሽን ጣዕም ስጪኝ፤ እነሣለሁ።»

ደሌብ እጇን ያዘ። «ሊማና፣ እንጀራሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው። አባቷ አንድ በአንድ ያስተማሯትን ጣዕም ሁሉ እያሰበች አለቀሰች። ከዚያም ምላሷን በዘንዶው ቀዝቃዛ ግንባር ላይ አሳረፈች። ዘንዶው ጎንበስ ብሎ ከምንጩ ጠጣ፤ ቆይቶ ቆይቶም በቀስታ ተነሣ። ውሃው እያጓራ ቁልቁል ወረደ።

እነሱ ሲመለሱ ጅረቱ ቀድሟቸው ሐይቁ ገብቶ ነበር። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀማሿ ሳትናገር ማንም አይጠጣም። ሊማና በእጇ ጨልፋ ጠጣች። አፏ ውስጥ ቅዝቃዜ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ወደ አባቷ ዞረች፤ አዛውንቱም ፊቷን አይተው ሁሉ ነገር ገባቸው። ከእጇ ጠጡ፤ ዓይናቸውም እንባ ሞላ።

«እንዴት ነው፣ አባባ?»

«ሕፃን ሳለሽ ከመዳፌ ስትጠጪው የነበረው ነው፣ ልጄ» አሏት በጆሮዋ።

ሊማና ያንን አስታወሰች። ቀና ብላም ሕዝቡን «ጠጡ» አለች።