በአቧራ ውስጥ የሚታይ መብራት

ኢንስፔክተር ሐመልማል ሰባተኛ ሰፈር ስትደርስ የሟቹን ፊት በካርቶን ሸፍነውት ነበር። አገኘሁ ይባላል፤ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ የአይሱዙ ሹፌር። ከዝዋይ ወዲያ ላሉ የገጠር ሱቆች ሳሙና፣ ጨውና ዘይት ያደርስ ነበር። አሁን ግን በጋሼ ጠይብ የመለዋወጫ ሱቅ ጓሮ፣ ከሚነዳት መኪና ጎን በጀርባው ተዘርግቷል። እጁ አጠገብ ባለ ማግኔት ቢጫ መብራት ወድቋል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «መብራት ሊገጥም ጋቢናው ላይ ወጣ፤ አዳለጠው፤ ጭንቅላቱን ድንጋይ መታው። መዝገቡን ልዝጋው?»

ቢዘጋላት ደስ ባላት። ሃያ ሦስት ዓመት በፖሊስነት ሠርታለች፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት አስከሬን አይታለች፤ እግሯም አብጧል። ቢሆንም ጎንበስ ብላ መብራቱን ገለበጠችው። ከሥሩ «12 ቮልት» ይላል። ሽቦው ከፋብሪካ እንደመጣ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል።

ጋሼ ጠይብ ከጁምዓ ሰላት እንደተመለሱ ነበር ወሬውን የሰሙት። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስመርጠኝ ነበር፣ አላህ ይዘንለትና።»

«ምኑን ጋሼ?»

«የጣሪያ መብራት ነዋ! ቀይና ሰማያዊ አሳየሁት፤ እሱ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው፣ ቢጫ ይሁንልኝ አለ። ማግኔቱን ሰጠሁት፤ በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ አንድ ቀን አይውልም ብሎ መለሰልኝ። በመጨረሻ በቡሎን የሚታሰረውን ትልቁን ወሰደ። ሃያ አራት ቮልት ነው፤ አይሱዙ ሌላ አይቀበልም።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን አቀና አድርገው አዩት። «ይሄማ ከደጅ መደርደሪያዬ ላይ የነበረው ነው። ለቤት መኪና የምሸጠው። ሸራ ጣል አድርጌበት ወደ መስጊድ ሄድኩ።»

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቶላ ሳይጠየቅ ከከረጢት ውስጥ ትልቁን መብራት አወጣ። ማሰሪያ ብረቱ አዲስ ተበይዷል፤ ቀለም እንኳ አልተቀባም።

«እሱ የመረጠው ይኸውልዎት። ላስበይድለት ይዤው ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ሰው ከቦት ደረስኩ።»

በያጁን ጠየቁት፤ ቶላ አጠገቡ ቆሞ እንደነበር አረጋገጠ።

«አገኘሁ ስለ መብራቱ ለምን እንዲህ ተጨነቀ?» አለች ሐመልማል።

«እኔ እንጃ። ብቻ ‹ከኋላዬ የሚመጣ ሰው በአቧራው ውስጥ ሊያየኝ ይገባል› እያለ ይደጋግም ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለመብራት የሚያለቅስ ሹፌር አይቼ አላውቅም።»

የመኪናዋ ባለቤት እትዬ ሠርኬ ከእህል በረንዳ ተጠርተው መጥተዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ከሹፌሩ ጋር በረዳትነት የሚጓዘው ልጃቸው መስፍን ግን ያወራል።

«ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ነበርኩ። ጣሪያው ላይ ቆሞ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል አየሁት። ከዚያ ወደቀ።»

«ይሄኛው መብራት?»

«አዎ፣ ይሄው።»

«ባለፈው ወደ ገጠር ስትወጡ ማን ይነዳ ነበር?»

«አገኘሁ ነዋ! ሌላ ማን ይነዳል?»

ሐመልማል ከሱቁ ደጅ ወጥታ ወደ ዝዋይ ትራፊክ ፖሊስ ደወለች። ረጅም ጊዜ አወራች፤ አንድ ስምም በማስታወሻዋ ጻፈች። ስትመለስ አራቱንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ደክሞኛል፣ አሳጥራለሁ» አለች። «የመረጠው መብራት ብየዳ ቤት ነበር። ስለዚህ አገኘሁ ሲወድቅ የሚገጥመው ነገር አልነበረም። ይህን ማግኔት አጠገቡ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ አደጋ ለማስመሰል። ጋሼ ጠይብና ቶላ አገኘሁ ማግኔት እንዳልፈለገ ያውቃሉ፤ አሥራ ሁለት ቮልት ለአይሱዙ እንደማይሆንም ያውቃሉ። እነሱ ቢሆኑ እንዲህ አይሳሳቱም። እትዬ ሠርኬ እህል በረንዳ እንደነበሩ ምስክር አለ። መስፍን፣ አንተ ግን ሽቦው ያልተፈታ መብራት ሲበራ አየህ።»

መስፍን ዞር ብሎ የታሰረውን ሽቦ አየ፤ ሐመልማል ቀጠለች።

«ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያ የአቧራ መንገድ አንዲት ሞተር የምትነዳ ሴት መሀል መንገድ ላይ የቆመ መኪና ከኋላ ገጭታ ሞተች። መኪናው አምልጧል። ዛሬ ጠዋት ስሙን ያልተናገረ ሰው ትራፊኮቹ ጋ ደውሎ ‹ሰኞ እመጣለሁ፤ ይነዳ የነበረውንም ልጅ አመጣለሁ› ብሏል።»

«ልገድለው ብዬ አልነበረም!» መስፍን መኪናዋን ተደገፈ። «መንጃ ፈቃድ የለኝም። ለምኜው ነው መሪውን የሰጠኝ። ስልክ ላነሳ አቆምኩ፤ ዳር አልያዝኩም። ከኋላ ጓ! ሲል ሰማን። እሱ እንውረድ አለ፤ እኔ ነዳሁ። ዛሬ ጣሪያውን ሲለካ ተከትዬ ወጣሁ። እንደደወለ ነገረኝ። ገፋሁት። ከዚያ ያገኘሁትን መብራት አምጥቼ አስቀመጥኩ።»

ፖሊሱ እጁን አሰረው። እትዬ ሠርኬ ልጃቸውን አላዩትም፤ ወደ ሐመልማል ዞሩ።

«ልጅቷ ማን ትባላለች?»

«ሀፍሷ። የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች።»

«እናት አላት?»

«አላት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መንደሯን ጻፊልኝ። የማን ልጅ እንዳደረገው ከሬዲዮ ሳትሰማ እኔው ሄጄ ልንገራት።»

ሐመልማል ከማስታወሻዋ አንድ ወረቀት ቀድዳ የመንደሩን ስም ጻፈችላቸው።