በጣት የተነሱት ሦስት መዝገቦች

ጠራዧ ሰውየውን የናቀችው ገና ደፉን ሳይሻገር ነው።

ካፖርቱ ከእሱ የሰፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ የካሜራ ቦርሳውን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እሱ ለሥራ የተጠራበት ክፍል መሆኑን እያወቀ፣ «ልግባ?» ብሎ ጠየቀ። ልግባ! «እንደ ፈቃድህ» አለችውና ወደ መርፌዋ ዞረች።

መዝገብ ቤቱ ሊፈርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የልደትና የጋብቻ መዝገቦቹ ሩቅ ወዳለ መጋዘን ከመጫናቸው በፊት ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሱ ተብሏል። ጠራዧ ስፌቱን ፈትታ የወረቀት ቅጠሎቹን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፤ ፎቶ አንሺው ያነሳል፤ እሷ መልሳ ትሰፋለች። ለሌላው ሰው ተራ ሥራ ነው። ለእሷ ግን አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውል ተንጠልጥላ የኖረች ልጅ ናት። ኃላፊው «ይሄን በሰዓቱ ከጨረስሽ ቋሚ ትሆኛለሽ» ብሏታል። ቤት ደግሞ ያሳደጓት አያቷ አሉ፤ ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም፤ «ቋሚ» የምትለውን ቃል ከሰሙ ወዲህ እንቅልፋቸው ተስተካክሏል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ተስፋ የተንጠለጠለው በዚህ ባለካፖርት ላይ ነው።

ሰውየው ካሜራውን አፉን ወደታች ደፍቶ ማቆሚያው ላይ አሰረ። ከዚያ ከቦርሳው ጥቁር ቀጭን ገመድ አወጣ፤ አንደኛውን ጫፍ ካሜራው ላይ ሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ቁልፍ ያለችበትን ሌላውን ጫፍ በእጁ ያዘ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸ።

«ምን ያሸሽሃል? ይነክሳል እንዴ?»

«አይነክስም፤ በጣት ሲነካ ግን ይነቃነቃል» አለ ረጋ ብሎ። «እዚህ ቤት መብራቱ ደካማ ነው። ካሜራው ዓይኑን ለአንድ ሰከንድ ያህል ከፍቶ ይቆያል። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ከተነቃነቀ ፊደሉ ሁሉ ብዥ ይላል። ስለዚህ ሳልነካው በገመዱ አነሳለሁ።»

ይሄ እንዳይበቃ፣ ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠ። መስኮቱ ስር የጭነት መኪና መንገድ አለ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይርገበገባል፣ ውሃውም ይንቀጠቀጣል። ውሃው ሲረጋ ብቻ ቁልፏን ይጫናል።

«እህቴ፣ እባክሽ፣ እስኪረጋ ድረስ አትራመጂ።»

«ተንበርክኬ ልጠብቀው ወይስ በቁሜ ይበቃል?»

«በቁምሽ ይበቃል» አለ። ቀልዱ አልገባውም፤ ወይ ገብቶት ዋጠው።

ማታ ለአያቷ ስትተርክላቸው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እትብቱ አልተቆረጠም እኮ፣ እማማ! ካሜራውና እሱ በገመድ ተያይዘው ነው የሚውሉት!»

አያት ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ወንድ ልጅ የገዛ ካሜራውን ፈርቶ! ተመስገን፤ በስንቱ ስጨነቅ አንዱን ጭንቀት ገላገለኝ። እንዲህ ያለው ለልጄ አያሰጋም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ባለእትብቱ» ሆነ፤ የቤቱም የማታ ጨዋታ እሱ ሆነ። ዛሬ ወለሉ እንዳይነቃነቅ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ዛሬ ጥበቃው ኮሪደር ላይ ሲያስለው ወጥቶ «ትንሽ ይታገሱኝ» አላቸው። አያት ገና ልብሷን ሳትቀይር «እሺ፣ ባለእትብቱስ?» ይላሉ። ልጅቷ ቆማ አንገቷን እያሰገገች፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ እየሸሸች ታሳያቸዋለች።

በስድስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። ሰውየው እሷ መልሳ የሰፋችውን መዝገብ አንስቶ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰ፤ አገላብጦ አየው።

«ከዚህ ውስጥ አዲሱ ስፌት የቱ ነው?»

«ሁሉም። ከላይ እስከ ታች እኔ ነኝ የሰፋሁት። ምን ጎደለው?»

«ምንም። ከአሮጌው ልለየው ስላልቻልኩ ነው።»

አራት ዓመት ስትሰፋ አንድም ሰው ስፌቷን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። አሁን ያየላት ደግሞ ይሄ! የሚንቁት ሰው ሲያመሰግን ንዴቱ ለብቻው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተብከነከነች።

«እሺ፣ ባለእትብቱስ?» አሉ አያት ማታ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ነዋ፣ እማማ። ሥራ ሠራን።»

አያት ቀና ብለው አዩዋት። ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ትኩሳት የለም። ትኩሳት ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

በአስረኛው ቀን ሰውየው ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ዋለ። ካሜራውን እንደቆመ ትቶት፣ «እስክመጣ ማንም አይንካው» ብሎ። እሱ በወጣ በግማሽ ሰዓት ኃላፊው መጣ፤ ፀጉሩ የተቀባ፣ ክራቫቱ ሆዱ ላይ የተኛ፣ ከበር ወደ ውስጥ አንድ እግሩን ብቻ የሚያስገባ ሰው።

«ገና ነው? ሦስት መዝገብ ቀርቶ ይሄ ሰውዬ ጥርስ ይነቀላል? የኔ እህት፣ ቋሚነቱን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሲሄድ ጠራዧ ካሜራውን አየችው። ገመዱ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ገመዱን መሰካት አታውቅም፤ ብታውቅም አትሰካውም ነበር። የገዛ ጣት እያለ! ቅጠሉን ዘረጋች፣ የካሜራውን ቁልፍ በጣቷ ጫን አደረገች፣ ቀጭ። ሌላ ቅጠል፣ ቀጭ። ውሃ የለ፣ መጠበቅ የለ፤ መኪናው ይለፍ አይለፍ ማን ጉዳዩ። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ስታየው ሁሉም ጥርት ያለ ነበር። ምሳዋንም አልበላች፤ የቀዘቀዘው ምሳ ዕቃ ከነክዳኑ ዋለ። አስር ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱንም መዝገብ አንስታ ሰፍታ ደረደረችው።

በማግስቱ ሰውየው ጉንጩ አብጦ መጣ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈተ፤ አንዱን አጎላው፤ ሌላውን አጎላው።

«ገመዱን አልተጠቀምሽም።»

«ጨርሼልሃለሁ። አመሰግናለሁ ይባላል።»

«ነይ እስቲ፣ አንብቢልኝ።»

ጎንበስ አለች። እያንዳንዱ ፊደል አጠገቡ መንትያ አብቅሏል። የአንዲት ሕፃን ልደት ነው፤ የእናትየዋ ስም ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ አንድ ስም አነበበች፣ ሁለተኛ ስታየው ሌላ ስም ሆነ፣ ሦስተኛውን ለመጥራት አፏን ከፍታ ዘጋችው። የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም እንዲሁ።

«ዋናው መዝገብ አለ አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ወርዶ ነበር።

«ብልና አይጥ የበላቸውን ቅጠሎች ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ፎቶ የሚነሳው እኮ ለዚያ ነው። ለኃላፊው መናገር አለብኝ። ከፈለግሽ አንቺ ቅደሚ።»

«ሂድ፣ ተናገር! ለወሬ ማቀበል ገመድ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።»

ሄዶ ተናገረ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አራት ዓመቷ፣ የአያቷ እንቅልፍ፣ ሁሉም በዚያ ኮሪደር አብሮት የሄደ መሰላት። እንዲህ ጠልታው አታውቅም።

ኃላፊው ግን እየሳቀ ነው የገባው፤ ያን ቀን በሁለት እግሩ። ፎቶ አንሺው ተከትሎት ሲገባ በሩን ዘጋ።

«ይሄ ሰውዬ ነው ያስደነገጠሽ? ማን ያየዋል ብለሽ ነው? እኔ እንደሆንኩ አልቋል ብዬ ለበላይ ጽፌያለሁ።» ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተ፤ ምስሎቹ ሁሉ ተመርምረው ጥርት ያሉ መሆናቸው ተረጋግጧል ይላል። «እቺ ላይ ፈርሚ፤ ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤሽ ይወጣል።»

ጠራዧ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። ቢለምናት ትንቀው ነበር፤ ቢሰብካትም ትንቀው ነበር። እሱ ግን ያበጠ ጉንጩን ይዞ ዝም ብሎ ያያታል፤ ፍርዱ የእሷ መሆኑን ያወቀ ሰው አስተያየት። ከዚያ ኃላፊውን አየችው። የእናቶች ስም በብዥታ ቢቀር ፈገግታው ንቅንቅ የማይልበት ሰው። እነዚህን አስር ቀናት ሙሉ ንቀቷን ለማይገባው ሰው ስታድል እንደከረመች ያኔ ገባት።

መቀሱን አነሳችና የመጀመሪያውን መዝገብ ስፌት ቆረጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ስፌቴን እየፈታሁ ነው፣ ጋሼ። ወረቀቱን እርስዎ ይፈርሙት፤ የእርስዎ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

ሦስቱን መዝገብ መልሶ ለማንሳት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ኃላፊው አንዴም ብቅ አላለም፤ ደብዳቤ ሲያጽፍ ነበር። እሷ ቅጠሉን ትዘረጋለች፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ቀጭ። መናገር በማይቻልበት በዚያች ሰከንድ ውስጥ ብዙ ነገር አየች፦ ሲጨነቅ የታችኛውን ከንፈሩን እንደሚነክስ፤ ጥፍሩ ንጹሕ መሆኑን፤ እሷ ቅጠሉን ስታስተካክል ጥላው እጇ ላይ እንዳያርፍ ፈቀቅ እንደሚል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፏን ከተጫነ በኋላ አንገቱን ደፋ።

«ይቺኛዋ ተበላሽታለች። እንደገና እናንሳት።»

«ምነው?»

«መኪና አልፎ ነበር።»

«ውሃውን አላየኸውም እንዴ?»

«አላየሁትም» አለ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። «አንቺን እያየሁ ነበር።»

ቅጠሉን ደግማ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ቅጠሉ ግን መጀመሪያውኑ ቀጥ ያለ ነበር።

ሰኞ ደብዳቤው መጣ፤ ውሉ አይታደስም። ልጅቷ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰውየው ማቆሚያውን እያጣጠፈ፣

«አንድ ትንሽ ከተማ ያለ መዝገብ ቤት ጠርቶኛል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ነው» አላት። «ጠራዥ ይዘህ ና ብለውኛል። ካንቺ ሌላ ጠራዥ አላውቅም።»

«ውሸት!»

ትንሽ አሰበ። «አዎ። ሁለት አውቃለሁ። መጠየቅ የምፈልገው ግን አንቺን ነው። ለሥራው ብቻም አይደለም።»

ለመሳደብ አፏን ከፈተች፤ የሚሆን ስድብ አጣች። «አያቴን ጠይቅ» አለችው። «ከቻልክ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። በር ላይ ጫማውን አውልቆ «ልግባ?» ሲል አያት ከወንበራቸው ሳይነሱ፣

«ግባ። ልጄን ያስባረርካት አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ባልናገር ኖሮ ቋሚ ትሆን ነበር፣ እማማ።»

አያት የጠበቁት ሰበብ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰበብ የሚመልሱትን ሲያሰናዱ ነው የሰነበቱት። ያሰናዱት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ።

«እና በዚህ ትኮራለህ?»

«አልኮራም። ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።»

«ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ። ልብ ስለው ቆይቶ ነበር።»

«ጠባይዋንስ ታውቀዋለህ?»

«ትሳደባለች።»

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አያት ወደዚያ ገላመጡና መለስ አሉ። ካልሲውን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ። የእሳቸው ልጅ! በዓይናቸው ብርሃን ያሳደጓት!

«ቤት አለህ?»

«እዚያ የተከራየሁት አለ። ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ያፈሳል።»

ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለጋብቻ መጥቶ ጣሪያው እንደሚያፈስ የሚናገር ሰው ከየት ይገኛል?

«እሷን ይዘህ ሂድ እንግዲህ» አሉ አያት። ኮስተር ብለው ሊናገሩት የፈለጉት ነገር መሃል ላይ ተሰበረባቸው። «እኔ እዚህ ግድግዳውን ሳወራ እውላለሁ።»

«ሁለት ክፍል ያልኩት ለዚህ ነው፣ እማማ። እርስዎን ትታ እንደማትሄድ ነግራኛለች፤ ሦስት ሰው ነን ብዬ ነው የተከራየሁት።»

መጋረጃው ተገለጠ፤ ልጅቷ ብቅ ብላ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ አያቷን አየች፤ ፊቷ ላይ ቀልድም ስድብም አልነበረም። አያት እንዲህ ሆና አይተዋት አያውቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ምንም ያልተስተካከለ ነገር አልነበረውም።

«የሚያፈሰው የቱ ነው?»

«ትልቁ።»

አያት ከእግር እስከ ራሱ አንድ ጊዜ አዩት፤ በንቀት፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ቦታ ሳያልፉ።

«እንግዲያው ትልቁ የእናንተ ነው» አሉ።