ያልተነካው ቡሽ

«መነጽር ነው የሚሄደው» አለ አባቷ፣ ብሩሹን በቀለም ጣሳው አፍ ላይ እየጠረገ። «አንቺ በሚቀጥለው።»

በሚቀጥለው! ይህን ቃል ከጡት ጋር የጠባችው ነው የሚመስላት። ሰፈሩ ሁሉ «ሞተር» ይላታል፤ ገና ስትድህ በአፏ የጀልባ ድምፅ ታሰማ ነበር አሉ። አባቷ ሐይቁን እያቋረጠ ሰው የሚያመላልስ ካፒቴን ነው። ገመዱን ይዞ ከፊት የሚቆመውን የረዳቱን ቦታ ደግሞ እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የራሷ አድርጋ ቆጥራዋለች። ጀልባዋ ለጥገና ከውኃ ወጥታ ከርማ፣ ዛሬ ልትመለስ ቀለሟ እየታደሰ ሳለ፣ ቦታው ለአክስቷ ልጅ ተሰጠ።

መነጽር የሚሉት ይኸው ባለ መነጽር ልጅ ነው። እናቱ ለሥራ ሩቅ ስትሄድ እነሱ ዘንድ ትታው ከመጣ ወራት አልፈዋል። ዝምተኛ ነው፤ ሐይቁን ከሩቅ ሲያይ እንኳ ፊቱ ይገረጣል። አባቷ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ገመድ እንዴት እንደሚቋጠር ያሳየዋል። እሷን ማንም ተቀምጦ አላሳያትም፤ ከጀርባ ቆማ እያየች ነው የለመደችው። እናቷ ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ለእሱ ታወጣና «እንግዳ አይደል?» ትላለች። እንግዳ ለስንት ወር ነው እንግዳ የሚሆነው?

ቅናት እንደሆነ አላጣችውም። ስሙን ማወቁ ግን ምን ይጠቅማታል?

ወንበሮቹን እጠቢ ተብላ ባልዲዋን እያንጠለጠለች ጀልባዋ ላይ ወጣች። ጀልባዋ በዳርቻው አሸዋ ላይ፣ ግንድ ተነጥፎላት ቆማለች። ከኋላው ወለል ሥር አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ጀልባ ከውኃ ስትወጣ የዝናብ ውኃ እንዲፈስላት ቡሽ የሚሉት የቀዳዳዋ ብረት መድፈኛ ይነቀላል፤ ልትገባ ስትል ተመልሶ በመፍቻ ይጠብቃል። ከተረሳ ውኃው ከወለሉ ሥር ቀስ እያለ ይሞላል። ተሳፋሪው እግሬ ራሰ ሲል ዳርቻው ሩቅ ነው። ዛሬ የቡሹ ኃላፊ መነጽር ነበር።

ሞተር ቆሻሻ ልትጠርግ የኋላውን ወለል ሳንቃ ብታነሳ ቀዳዳዋ አፏን ከፍታ አገኘቻት። ቡሹ አጠገቧ ተጋድሟል። ልትጣራ ቀና አለች። አባቷ ከታች የመነጽርን የሕይወት ጃኬት በራሱ እጅ እያሰረለት፣ አንድ ነገር እያለው ይስቃል። ልጁም ፈገግ ብሏል።

የተከፈተ አፏን ዘጋችው፤ ሳንቃውንም መለሰችው። ምን አገባኝ፣ አለች በልቧ። አባዬ ራሱ ይደርስበት የለ? ያኔ የተመረጠው ልጅ ጉዱ ይፈላል።

ሰው ይጎዳ ማለቷ አልነበረም። አባቷ ከመነሳቱ በፊት ዕቃውን በየተራ ይጠራል፤ ኃላፊው «ነካሁት» ብሎ ይመልሳል። «አየሁት» አይባልም፤ ዓይን ይዘላል፣ እጅ ግን አይዘልም ባይ ነው። እሷ «ነካሁት» ባለች ቁጥር ደግሞ ሄዶ በራሱ እጅ ይነካል። ሁልጊዜ ያናድዳት ነበር፤ ዛሬ ግን ተመስገን አለች።

ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ተሰበሰበ። ጋሼ መካኒክ፣ የጀልባዋን ሞተር የሚጠግኑት ሽማግሌ፣ መነጽርን ከላይ እስከ ታች አዩትና ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብለው አሳቁበት። ካፒቴኑ መጥራት ጀመረ።

«ነዳጅ?»

«ነካሁት» አሉ ጋሼ መካኒክ።

«ቡሽ?»

መነጽር ወደ ጀልባዋ ኋላ አየ፤ የሚጠባበቀውንም ሕዝብ አየ። «ነካሁት» አለ።

«ጎበዝ። በሉ፣ ግፉ።»

ሞተር ጆሮዋን ማመን አቃታት። አባቷ ሄዶ አልነካም! እሷን አንድ ቀን እንኳ ሳያምን፣ ይህን ልጅ በአንድ ቃል አመነው። ደሟ ፈላ። ይሂዱ፤ መሐል ሐይቅ ላይ ጫማው ሲርስ ማንን እንዳመነ ይየው! ሰዎቹ ትከሻቸውን ለጀልባዋ ሰጡ። ሕፃን ያቀፈች ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ልትሳፈር ወደ ውኃው ጠጋ አለች። ሕፃኑ የእናቱን አንገት ይዞ በጀልባዋ አዲስ ቀለም ይደነቃል።

«አባዬ፣ ቆይ» አለች ሞተር። «ቡሹ አልገባም።»

አባቷ ዘሎ ወጣ፤ ሳንቃውን አነሳ። መነጽር ረስቶት እንደነበር፣ ቡሹ ሲጠራ ሁሉም ስላየው ፈርቶ እንደዋሸ በተቆራረጠ ድምፅ ተናገረ። ካፒቴኑ አልተቆጣም፤ ጃኬቱን ብቻ ከላዩ ላይ ፈታ። ልጁ በቁሙ አነሰ።

ሞተር ከጠዋት ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጣፈጣት።

«ነይ» አላት አባቷ። «ገመዱን አንቺ ያዢ።» ሕፃን ያቀፈችው ሴት «ተባረኪ ልጄ» አለቻት፤ ጋሼ መካኒክም ትከሻዋን ቸብ አደረጓት። አባቷ ጎንበስ ብሎ ጃኬቱን በራሱ እጅ ያስርላት ጀመር። ይህን ስንት ዓመት ጠበቀች!

«ለመሆኑ መቼ አየሽው?» አላት ዝግ ብሎ።

«አሁን» ማለት ምን ይከብዳል? ሳንቃውን ስታነሳ ያያት የለም። መነጽር ራሱ አያውቅም፤ ከዳር ቆሞ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። አንዲት ቃል ብቻ፣ ከዚያ የጀልባዋ ፊት የእሷ ነው።

«ጠዋት» አለች። «ወንበር ሳጥብ። አይቼ ነው ዝም ያልኩት።»

የአባቷ እጅ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አያት። ማሰሪያውን ራሷ ፈታች፣ ገመዱን እሳቸው እንዲይዙ ጃኬቱን ለጋሼ መካኒክ አቀበለች። አባቷ ቡሹን በመፍቻ አጥብቆ እስኪጨርስ አንገቷን ደፍታ ቆየች።

«ግፉ» የሚለው ቃል ሲሰማ ሄዳ መነጽር አጠገብ ቆመች። ልጁ ጀልባዋን በሁለት እጁ ይዞ በጣቱ ጫፍ ቆሟል።

«ዝቅ በል» አለችው። «በእጅህ ሳይሆን በትከሻህ ነው የሚገፋው።»

አያትና ዝቅ አለ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ገፉ።